የያቤጽ ትርጉም

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ልጄን ያቤጽ ያልሁት ስሙን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አግኝቼ ለጆሮዬ ስላማረኝ ነበር። በኋላ ትርጉሙ «ጣር» መሆኑን ሳነብ ደነገጥሁ፤ አማቴ ሲጠይቁኝ ግን «የእግዚአብሔር ስጦታ» አልኋቸው።

ስድስት ዓመት እንዲሁ ኖርሁ። ባለፈው ክረምት አማቴ ዲማ ገዳም ይዘውን ሄዱና ልጁን ለአንድ የመጻሕፍት መምህር «ያቤጽ፣ የእግዚአብሔር ስጦታ!» ብለው አስተዋወቁት።

መምህሩ ፈገግ አሉ። «የለም እሜቴ፣ በዕብራይስጥ ጣር ማለት ነው። የጥንቱን ያቤጽ እናቱ በጣር ወልዳው ነው፤ በኋላ ግን እግዚአብሔር የለመነውን ሁሉ ሰጠው።»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልሁ በልቤ። አማቴ ዞር ብለው አዩኝ።

«ይኼን ነው ስትደብቂኝ የኖርሽ? ሞኝ! ባልሽን ስንታየሁ ያልሁት በድሎት ወልጄው መሰለሽ?»