ኮሌጁ በር ላይ ያለው ኒም

የማስተምረው ትምህርት በፕሮግራሙ ላይ «የአካባቢ ሳይንስና ዘላቂነት መግቢያ» ይባላል። ተማሪዎቼ «ያቺ የዛፏ ኮርስ» ነው የሚሏት። አብዛኞቹ አካውንቲንግ የሚማሩ ናቸው፤ የሚወስዷትም ወደው ሳይሆን ካላለፏት ስለማይመረቁ ነው።

ክፍለ ጊዜያችን ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ በዚያ ሰዓት ሱቁ ተዘግቷል፣ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ ለበርጫ ተቀምጧል። እኛ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ስለ ካርቦን ዑደት እንነጋገራለን። መብራት ካለ ቬንትሌተሩ ሙቁን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ ቆሞ ማስተማር አይሆንልኝም፤ በወንበሮቹ መሀል እዞራለሁ።

«አቦ ቲቸር፣ አንዴ ቁም! አንተን ስከተል አንገቴ ሊዞር ነው» ይለኛል ከኋላ የሚቀመጠው ባጃጅ ነጂ ተማሪዬ። ድሬ ነው፤ «እርስዎ» የሚለኝ የለም።

በሴሚስተሩ አጋማሽ የቡድን ሥራ ሰጠኋቸው። በየቀኑ የምታልፉበትን አንድ ቦታ ምረጡ፣ ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣና የት እንደሚገባ ተመልከቱ፣ ያያችሁትን ጻፉ፣ በመጨረሻ ምክረ ሐሳብ አቅርቡ አልኳቸው። አንዱ ቡድን አሸዋ በሞላው ደረቅ ወንዝ ወረደ። ሌላው ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መንገድ ሄደ። የባጃጅ ነጂው ቡድን ግን ከኮሌጁ በር አልራቀም፤ በሩ ላይ ያለውን የኒም ዛፍ መረጠ።

«ነዳጅ መቆጠብ ዘላቂነት አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ኒሙ ትልቅ ነው፤ ጥላው ደግሞ ባለተራ አለው። ጠዋት ጥላው ወደ መንገዱ ሲወድቅ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ ልጅ ትቀመጥበታለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ኮሌጁ አጥር ሲዞር እሷ ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች፤ ቦታውን የምትረከበው ጫት የምትሸጥ ሴት ናት። ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ሲጣላበትም አላየሁም። ሴትየዋ ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና፣ በየጊዜው ውሃ እየረጨችበት፣ በሚያልፈው ሁሉ ስታሾፍ ትውላለች። እኔን «መምህር፣ እንደ ንፋስ የምትሮጠው ወዴት ነው? ደመወዝ ቀድሞህ ሄደ?» ትለኛለች። ከሷ የሚገዛ ሰው ቅጠሉን ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዱ እዚያው ቁጭ ብሎ ይቅምና ገራባውን፣ የማይቃመውን ቅጠልና እንጨት፣ ከነፌስታሉ ጥሎት ይነሳል። ያንን ፍየሎች ይበሉታል። ፍየል ደግሞ ገራባውን ከፌስታሉ አትለይም።

ቡድኑ ይህን ሁሉ በደንብ አይቶ ጽፎታል። ረቂቁን ሲያነቡልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ መጨረሻው ላይ እስኪደርሱ። «ስለሆነም የሚመለከተው አካል በቦታው ያሉ ሕገ ወጥ ነጋዴዎችን በአስቸኳይ እንዲያነሳ እንጠይቃለን።»

«ይህን ከየት አመጣችሁት?» አልኩ።

«ምክረ ሐሳብ እንዲህ ነው የሚያልቀው» አለ ባጃጅ ነጂው። «የሁሉም ሪፖርት እንዲህ ነው። ዝም ብሎ ማሳረጊያ ነው ቲቸር፣ ማን ያነበዋል?»

ግጥም እጽፋለሁ፤ ስለዚህ አፍ የለመዳቸውን ቃላት በጥርጣሬ የማየት ልማድ አለኝ። «የሚመለከተው አካል» ማንም ሳያስብበት የሚጽፈው ቃል ነው። ችግሩ በዚህ ጊዜ የሚመለከተው አካል በእግሩ ሊመጣ ነበር፤ የኮሌጁ ዲን የቀበሌውን የጽዳት ኃላፊ ለማቅረቢያው ቀን ጋብዞታል።

በዚያው ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ከቡድኑ አንዷ ልጅ ቀረች። ጠዋት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ከፈረቃ ወጥታ ቀጥታ ክፍል ስለምትገባ እጅጌዋ ላይ የክር ቁርጥራጭ አይጠፋም። ሴሚስተሩን ሙሉ ድምጿን ብዙም አልሰማሁትም።

«ቲቸር፣ ኤፍ ስጠኝ፤ ግን ያ ወረቀት አይነበብ» አለች።

«ለምን?»

«ጫት የምትሸጠዋ እናቴ ናት።»

በየቀኑ በዚያ በር ስትገባ አያታለሁ። አንድም ቀን ለሴትየዋ ሰላም ስትል አላየሁም። ይህን እያሰብኩ መሆኔን ከፊቴ አነበበች መሰለኝ።

«አፍሬባት አይደለም» አለች ቶሎ ብላ። «እሷ ናት እንዲህ ያደረገችው። መጀመሪያ የተመዘገብኩ ቀን፣ ‹በሩ ላይ እኔና አንቺ አንተዋወቅም› አለችኝ። የክፍሌ ልጆች ከሷ ይገዛሉ፣ ይከራከሯታል፣ ይሰዳደባሉ። ልጇ መሆኔን ካወቁ እሷም እንደልቧ አትሸጥም፣ እኔም የጫት ሻጯ ልጅ ነው የምባለው። ‹እዚያ ውስጥ ተማሪ ብቻ ሁኚ› አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ።»

«እንግዲያው ዓረፍተ ነገሩን እሰርዘዋለሁ» አልኳት። ቀላል መስሎኝ ነበር።

«ለምን ተሰረዘ ይላሉ። ለምኜህ እንደሆነ ያውቃሉ። ለምን ለመንሽ ይሉኛል።» ክሩን ከእጅጌዋ ነቀለችው። «ከዚያ ከተነሳች ሌላ ጥላ የላትም። የከተማው ጥላ ሁሉ ሰው ይዞታል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ጫት አንድ ሰዓት አይቆይም።»

የመጨረሻውን ክፍል አንቺ አንብቢው፤ እዚያ ስትደርሺ እንደመሰለሽ አድርጊ፣ ውጤትሽ አይነካም አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በማቅረቢያው ቀን መብራት ሄደ። የጽዳት ኃላፊው ፊቱን በመሐረብ እያበሰ አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ባጃጅ ነጂው ተነስቶ፣ «አቦ፣ ጥናቱ ስለዛፉ አይደል? ለምን ዛፉ ሥር አናደርገውም? እንግዳችን ቀለጠ እኮ!» አለ። ዲኑ ሳይቀር ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ።

ጫት ሻጯ ያ ሁሉ ሰው ወንበር ይዞ ሲመጣባት አየችና፣ «ምንድን ነው፣ ለቅሶ ነው ሰርግ?» አለች። አልተነሳችም። እኛ ዙሪያዋን ተቀመጥን።

ባጃጅ ነጂው ስለ ፌስታሉና ስለ ፍየሎቹ አነበበ። ሰው ሳቀ፣ ኃላፊውም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጣት። «ስለሆነም የሚመለከተው አካል…» ብላ ጀመረችና ቆመች። እናቷ የውሃ ጣሳዋን ይዛ ቀና አለች።

«ይህን ዓረፍተ ነገር አላነበውም» አለች ልጅቷ። «ስሜ አለበት፤ ግን ስንጽፈው አላሰብንበትም። ትነሳ ያልናት እናቴ ናት።» በእጇ አመለከተች።

ባጃጅ ነጂው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ማን? እኔ?» አለች ሴትየዋ ጮክ ብላ። «ወላሂ አላውቃትም! እንዲህ ያለች ተማሪ ከየት እወልዳለሁ? ሙቀቱ ነው ያናገራት!»

አንዳንዱ ሳቀ። የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። ይሄኔ ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ፣ «ሂን ሶዳቲን» አለቻት። አትፍሪ ማለቷ ነው። ድሬ ላይ ይህን የማይሰማ ሰው የለም፤ ሳቁ እዚያው ቆመ። ባጃጅ ነጂው አንገቱን ደፋ።

ልጅቷም ወረቀቱን አጣጥፋ በቃሏ ቀጠለች። ጠዋት ጥላው የማን እንደሆነ፣ ከሰዓት ለማን እንደሚተላለፍ ተናገረች። ጫቱ ላይ የሚረጨው ውሃ የሚፈስሰው ከዛፉ ሥር ነው፤ በበጋ የመንገዱ ዛፎች ሲጠወልጉ ይህኛው የማይጠወልገው ለዚህ ሊሆን ይችላል፣ ግን አልለካነውም አለች። «አልለካነውም» ማለቷን ከሁሉም በላይ ወደድኩት። ከዚያ፣ አንድ ጆንያ ለፌስታል፣ አንድ ለገራባ ይሰቀል፤ ገራባውን ፍየል ያላቸው ሰዎች ይውሰዱት፤ የሚቅመው ሰው ራሱ ይለይ አለች።

«ተቆጣጣሪውስ ማን ነው?» አለ ኃላፊው።

«እኔ ነኛ!» አለች ሴትየዋ። «ያልለየ ነገ ከኔ አይገዛም። አንተንም ጨምሮ።»

ኃላፊው ሳቁን ለመደበቅ መሐረቡን ፊቱ ላይ አደረገ። «እንግዲህ ጆንያው ከተሰቀለ እኔ የማነሳው ሰው የለኝም» አለ ሲነሳ። «ካልተሰቀለ ግን ተመልሼ እመጣለሁ።» ከዚህ የበለጠ ቃል አልገባም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ባጃጅ ነጂው በማግስቱ ጆንያዎቹንና ገመዱን ይዞ መጣ፤ ሲሰቅል ሴትየዋ፣ «ዝቅ፣ ዝቅ አድርገው፣ ቀጭኔ አይደለንም» እያለች አዘዘችው። ከዚያ ወዲህ ከሷ ጋር ሲከራከር ሰምቼው አላውቅም፤ እሷ ግን ይህን አልወደደችለትም። «ምነው አፍህን ተሰፋህ፣ አንተ ወሪያ? ድሮ ወንድ ነበርክ» ትለዋለች።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት በበሩ ሳልፍ ጠራችኝ። ጆንያውን ገለጥ አድርጋ ቅጠሉን እየነካካች፣ ወደኔ ሳታይ፣

«መምህር፣ ያቺ የማላውቃት ልጅ እንዴት ሆነች?» አለችኝ።

«አልፋለች። ጥሩ አድርጋ ነው ያለፈችው።»

እጇ ቅጠሉ ላይ ቆመ። «አላህ እናቷን ያስደስታት» አለችና ጣሳዋን አንስታ ውሃ መርጨት ጀመረች። የምትረጨው ግን ጫቱ ላይ አልነበረም፤ ዓይኗን እንባ ስለጋረደው መሬቱን ታጠጣ ነበር።