ጣርማ በርን የዘለለው ኮምፒውተር

ትናንት ልብስ ሳወጣጣ የአባዬ ጋቢ እጄ ገባ። ዘረጋሁት። ጥጉ ላይ ሳንቲም የምታክል ቡናማ ምልክት አለች፤ እናቴ ስንቴ ዘፍዝፋ ብታጥባት አልለቀቀችም። አፍንጫዬን ሳስጠጋው የሳሙናና የሳጥን ሽታ ብቻ ነው ያለው። እኔን ግን፣ ምን ልበልህ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

አባዬ ደሴ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ እንደወጣ፣ ላምበረት አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን በጨረታ ሲሸጥ ሰምቶ አንዱን ገዛልኝ። እኔ ያኔ ሾላ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤት በላይ ባለ ማሰልጠኛ፣ ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እማር ነበር። በርበሬ በተፈጨ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ያስነጥሳል። አባዬ ዕቃውን ለኩሊም ለታክሲም አላምንም ብሎ፣ ያንን የሚያህል ስክሪን ታቅፎ በእግሩ አመጣው። በላብ ርሷል፤ ፊቱ ግን በርቷል። "በይ፣ አሁን ቤትሽ ሆነሽ ተማሪ" አለኝ።

ከፈትኩት። ጥቁር ስክሪን፣ ጥጉ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ሰረዝ። ዶስ የሚሉት፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ የሚቀበል የድሮ ሥርዓት ነው፤ ዊንዶውስ የለው፣ ማውስ የለው። ለአስተማሪያችን ብነግረው ሳቀ።

"ጃቫ? በዶስ? ምን ነካሽ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም የሚገባ ነው!"

ሳቁ አናደደኝ። አባዬ እኮ "ልጄ ቤቷ ሆና ጃቫ ትሠራለች" እያለ ሰፈሩን አዳርሷል። ያመጣኸው ዕቃ ለትምህርቴ አይሆንም ብዬ እንዴት ልንገረው? አንገቱን ሲደፋ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ጃቫውን የግድ እዚያው ላይ ማስነሳት ነበረብኝ።

አስተማሪው ኋላ ላይ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ለዶስ የተሠራች ትንሽ ጃቫ አፈላልጎ በፍሎፒ ዲስኮች ሰጠኝ። አንዱ ፍሎፒ ሲበላሽ፣ ደግሞ ሲገለበጥ፣ ማሽኑ ሜሞሪ አነሰኝ ሲል፣ ሁለት ወር ሄደ። አባዬ ከውጭ በገባ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ፣ ልክ ስለ ሞተር እንደሚጠይቅ፣ "ተነሳ?" ይለኛል።

"ትንሽ ቀረው አባዬ።"

"አትቸኩዪ። ሳይሞቅ አይነዳም።"

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተነሳ! የጻፍኩት ፕሮግራም የእሱን መንገድ ነበር የሚያሳየው። ዶሱ አማርኛ ስለማያውቅ ከተሞቹን በላቲን ፊደል አስገባኋቸው። ማሽኑ ቀርፋፋ ነውና አንዱን ስም ያወጣል፣ ይቆያል፣ ሌላውን ያወጣል። ሰንዳፋ። ደብረ ብርሃን። አባዬ መነጽሩን አድርጎ እየቆጠረ ያነባል። ደብረ ሲና ስትመጣ እጁን አነሳ።

"ቆይ ቆይ! ጣርማ በርን ዘለልሽው። እዚያ ጉም ውስጥ ስንት ጊዜ 'እግዜር ያውጣኝ' እያልኩ እንዳለፍኩ ታውቂያለሽ?"

"ነገ እጨምረዋለሁ።"

ከዚያ እያንዳንዱን ስም እየጠበቀ ማንበቡን ቀጠለ። ደሴ ስትወጣ እንደ ልጅ አጨበጨበ።

በማግስቱ ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሌላ ነበር። ጣርማ በርን ጨመርኩና፣ ማሽኑ ፕሮግራሙን አዘጋጅቶ እስኪጨርስ ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅበት፣ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ የለበሰውን ጋቢ አውልቆ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ጠቅልሎታል። በውርጭ ጠዋት የአውቶቡሱን ሞተር ብርድ ልብስ ሲያለብስ የኖረ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ነው ያደረገው። አየር የሚያስገቡት ቀዳዳዎች በሙሉ ተደፍነዋል፤ የጋቢው ጥግም ተለብልቦ ቡናማ ሆኗል።

"ብርድ እንዳይመታው ብዬ እኮ ነው" አለ፤ ድምፁ አነሰብኝ።

ደጋግሜ ሞከርኩት፣ እምቢ አለ። "እድሜው ነው አባዬ" አልኩት። "ጋቢው ምን አደረገ?" ያመነኝ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ "ተነሳ?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ዛሬ መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ፣ እንጀራዬ ይኸው ፕሮግራም መጻፍ ነው። ትናንት ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ላፕቶፔን ከፈትኩና ያንን መንገድ እንደገና በጃቫ ጻፍኩት፤ በአማርኛ፣ ጣርማ በርን ጨምሬ። ጣቴን ሳላነሳ ከተሞቹ በሙሉ ተደርድረው ደሴ ደረሱ። ለካ መዘግየቱ ነበር ደስ የሚለው። አባዬ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል።

"ተነስቷል አባዬ፣ ጣርማ በርም ገብቷል" አልኩ ጮክ ብዬ። የሚያጨበጭብልኝ ግን አልነበረም።