ለብቻዬ ነው የሳቅሁት

ወልቂጤ ያስገቡኝ ክፍል ቀደም ሲል ዕቃ ቤት የነበረ ነው። አንዱ ጥግ ላይ የተሰባበሩ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተቆልለዋል፤ በሌላው ጥግ አንድ ፍራሽ ተዘርግቷል። ካቴናውን የፈታልኝን ፖሊስ፣ "ሌሎቹ እስረኞች የት ናቸው?" አልኩት። "የምን ሌሎች?" አለና በሩን ዘጋው።

ቡታጅራ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ስድስት ሰባት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ እንቀመጥና ስላነበብነው መጽሐፍ እንጨዋወታለን። ጨዋታው አንዳንዴ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ አገር ጉዳይ ይሄዳል፤ መቼም የመጽሐፍ ነገር እንዲህ ነው። የያዙኝ ለዚያ ነው። የዱላ ታሪክ የለኝም፤ ማንም አልነካኝም። የታዘዘብኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም እንዳያናግረኝ።

መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከሰው ጫጫታ መሸሽ የምወድ ሰው ነኝ፤ አርፌ አስባለሁ አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ምግብ በሚገባበት የበሩ ቀዳዳ ለሚታየኝ ጫማ ሰላምታ መስጠት ጀመርኩ። ቆጮና ጎመን ይገባል፣ ባዶው ሳህን ይወጣል፣ ቃል የለም። መስቀል እየደረሰ ስለነበር የመናኸሪያው ጩኸት ከውጭ ይሰማኛል። ረዳቶቹ "እምድብር! እምድብር! አንድ ሰው!" ይላሉ። ሰው ሁሉ ከአዲስ አበባ እየጎረፈ ወደ ቤቱ ይገባል። ብቸኝነት ያመኝ ነበር ብል አላፍርም፤ ልክ እንደ ሆድ ቁርጠት ያመኝ ነበር።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የእምድብር አካባቢ ሰው ነው። በርቀት ትምህርት ዲግሪውን እየተማረ እንደነበር ያወቅኩት አንድ ረፋድ ላይ ሳህኑን ተከትሎ የተጣጠፈ ወረቀት ሲገባ ነው።

"አስተማሪ ነህ አሉ፣ የአማርኛ" አለኝ በሹክሹክታ። "ይቺን አሳይመንት ሥራልኝ። እስክሪብቶ አቀብልሃለሁ።"

ጥያቄው ስለ አንድ አጭር ልቦለድ ነው። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ከእናቱ ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ቆሞ ከቤት የሚወጣውን ድምፅ ያዳምጥና ሳይገባ ይመለሳል። "ለምን ተመለሰ? አብራራ" ይላል ጥያቄው። ታሪኩን እኔም አስተምረው ነበር፤ መልሱን በቃሌ ነው የማውቀው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም።

"አልጽፍልህም" አልኩት። "ከፈለግክ ቁጭ በልና እንወያይበት።"

ይህን ያጫወትኳቸው ሰዎች መምህርነቴ እዚያም አልለቀቀኝም ብለው ያደንቁኛል። እውነቱ ሌላ ነው። ጽፌ ብሰጠው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። እኔ የፈለግኩት እንዲቀመጥ ነው።

ተቆጣ። "ማውራት ክልክል መሆኑን አታውቅም?" ብሎኝ ሄደ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳህኑን እየገፈተረ አስገባልኝ፤ እኔም ምናለ ጽፌለት ቢሆን ኖሮ እያልኩ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ሌሎቹ ምሳ ሲሄዱ ጀሪካን ሲጎተት ሰማሁ። ተቀመጠበት፤ ጉልበቱ በቀዳዳው ታየኝ።

"እሺ፣ ለምን ተመለሰ?"

"አንተ ምን ይመስልሃል?"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አስተማሪው አንተ!"

አላስቻለኝም፤ መልሱን ነገርኩት። ባዶ እጁን ስለመጣ አፈረ አልኩ። ከከተማ ለመስቀል የሚገባ ሰው ምን ይዞ መግባት እንዳለበት፣ ድህነት ሰውን ከገዛ ደጃፉ እንዴት እንደሚመልሰው፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው አስረዳሁት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ታሪኩ ያለበትን የትምህርቱን ሞጁል ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

"መምህር፣ ባዶ እጁን አይደለም እኮ። ለእናቱ ነጠላ ይዞላታል፣ እዚህ ጋ አለ።"

"ነጠላ ብቻ ስለሆነበት ነዋ ያፈረው።"

"ኧረ አይደለም። እናትየዋ ስትስቅ ሰማ ይላል። እያለቀሰች ቢሆን እኮ ሮጦ ይገባ ነበር።" ሞጁሉን አጠፈው። "አምና መስቀልን ተረኛ ነበርኩ። ቤት ደወልኩ። እናቴ 'ልጄ፣ ልጄ' እያለችኝ ከኋላዋ ይስቃሉ፣ ክትፎ አቅርቡ ይባላል፣ ሞቅ ብሏል። ኔትወርክ እንቢ አለ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩስ ደህና ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርዎት... ያለ እኔም ይሞላል ለካ፣ አልኩ።"

ያንን ታሪክ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ። የእናትየዋን ሳቅ አሥራ አንድ ዓመት ዘልዬው አልፌያለሁ። ስንቱ ተማሪ ሰምቶት ይሆን፣ እኔ መልሱን ቀድሜ እየተናገርኩ አፉን ያስያዝኩት? ፍራሹ ላይ እንደተቀመጥኩ አፈርኩ። ደስም አለኝ። ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ መምጣት ለመደ። አምስት ቀን ያህል ተከራከርን። "ሳቀች ማለት ረሳችው ማለት ነው?" ስለው ጥያቄውን ይዞ ይሄዳል፤ በማግስቱ አስቦበት ይመጣል። በትምህርቱ አንድም ቀን አንተስ ምን ትላለህ ያለው ሰው እንደሌለ አጫወተኝ። "ሞጁል ይጠይቃል እንጂ አይሰማም" አለኝ። እኔም ጠዋት ስነሳ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር የምነሳው፤ የሚጠብቀኝ ሰው ነበራ።

በአምስተኛው ቀን ክርክሩ ሲጠናበት፣ "እንግዲያው ደራሲውን አስጠርተን ቃሉን እንቀበለዋ!" አለኝ በፖሊስ ቋንቋ። በሳቅ ፈነዳሁ። ከታሰርኩ ጀምሮ ያልሳቅሁትን ሁሉ ሳቅሁት። ሳቄ ሳያባራ ጀሪካኑ ተገለበጠ፤ በቀዳዳው የሌላ ፖሊስ ጫማ ታየኝ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቢሮ ወሰዱኝ። ጠባቂው ትጥቁን ፈትቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ቀና ብሎም አላየኝ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይመስልም፤ ወንበር ሰጠኝ። "መልእክት ያመላልስልህ እንደነበር ደርሰንበታል" አለኝ። "እሱኑ ጻፍልኝ። ዛሬውኑ የጋራ ክፍል ትገባለህ። ሃያ ምናምን ሰው አለ፤ መስቀልን አብረሃቸው ትውላለህ።"

ሃያ ምናምን ሰው። ክፍላቸው ከቢሮው ቀጥሎ ስለነበር ጨዋታቸው ይሰማኛል። አንዱ ሲያወራ ሌሎቹ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይሉታል። እንባዬ መጣ። ስለ ልቦለድ ነው ያወራነው ብል ማን ያምነኛል? ቢያምነኝስ? ማውራቱ ብቻ ጠባቂውን ከሥራው ያስወጣዋል።

ወረቀቱን ሳብ አድርጌ ጻፍኩ። "ከታሰርኩበት ቀን ጀምሮ ማንም ጠባቂ አላናገረኝም። እኔም ማንንም አላናገርኩም። ዛሬ የሳቅሁት ለብቻዬ ነው።" ፈረምኩበት።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። "ለብቻህ ትስቃለህ?"

"አዎ።"

"አመመህ እንዴ?"

"ሳይሆን አይቀርም።"

ወደ ክፍሌ መለሱኝ። መስቀልን እዚያው ለብቻዬ ዋልኩ። ከዚያም በኋላ ከወር በላይ ቆየሁ፤ ሳህን ይገባል፣ ሳህን ይወጣል። አንድ ጠዋት ወደ ሽንት ቤት ሲወስዱኝ ዋናው በር ላይ፣ ትጥቁን እንደታጠቀ፣ ጠያቂ ያመጣውን ምግብ ሲፈትሽ አየሁት። አላየኝም፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ። አለመባረሩ በቃኝ።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ተፈታሁ። ዛሬ ቡታጅራ ተመልሼ አስተምራለሁ። የሐሙሱ ጨዋታ ግን ቀርቷል፤ ሰው ፈርቷል፣ አልፈርድበትም። ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ከጠየቅኩ በኋላ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ላይ መልሱ የጠፋብኝ መስሏቸው ይሳሳቁ ነበር፤ አሁን ለምደውታል። ጠባቂው ትምህርቱን ይጨርስ አይጨርስ አላውቅም። ልፈልገው አልሞከርኩም፤ መፈለጌ ራሱ መተዋወቃችንን ይናገርብኛል።

ያ ወረቀት እስካሁን ፋይል ውስጥ ይኖራል። የሚያወጣው ሰው ካለ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው እንዳላናገረኝ በገዛ እጄ ጽሑፍ ያነባል። ዛሬም ቢያቀርቡልኝ እፈርምበታለሁ።