ገረሱ ብቻውን የቀረበት ግሩፕ

ገረሱ አየር ጤና ከታክሲ ተራው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ አለችው። የተቃጠለ ዲናሞ ይጠመጥማል፤ የወፍጮም ይሁን የውሃ ፓምፕ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት ሞተር ይዞ የመጣ ሰው ወደ እሱ ነው የሚላከው። ሥራው እጅና ዓይን እንጂ አፍ አይፈልግም። ገረሱ የሚያወራው ስለ መጽሐፍ ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለ መጽሐፍ ደግሞ የሚያዋራው ሰው አልነበረውም።

ከዱሬቲ በቀር። ዱሬቲ የጎረቤት ልጅ ናት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የድሮ ልብ ወለዶች ያውሳት ነበር፤ እሷም ታነብና ተመልሳ መጥታ ትከራከረዋለች። አድጋ ባንክ ቤት ተቀጠረች። አምና በጥቅምት ወደ ሱቁ ብቅ አለችና፣

«ጋሼ፣ ስልክዎን ይስጡኝ» አለችው። «የድሮ ልብ ወለዶች አብረን የምናነብበት የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቻለሁ። እርስዎ ከሌሉበት ምን ይረባል?»

ሃያ ሰባት ሰዎች ነበሩ። በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ያነባሉ። ገረሱ መጻፍ ስለሚያደክመው ምሳ ሰዓት ላይ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ በድምፅ ይልካል፤ ሰባት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አሥር። ወጣቶቹን የቸገራቸውን የድሮ ቃል ይፈታል፣ ሲራራ ነጋዴ እንዴት አድርጎ በቅሎ እንደሚጭን ያስረዳል። እንዲህ የሚያወራ ሰው በውስጡ እንዳለ እሱም አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው መጽሐፍ መሃል ላይ ሲደርሱ ግሩፑ ቀዘቀዘ። መጀመሪያ መልሱ ቀነሰ፣ ኋላም ጭራሽ ጠፋ። ዱሬቲን መንገድ ላይ አግኝቶ ቢጠይቃት፣

«ሰዉ ሁሉ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ግን እንዳያቋርጡ፤ እኔ እሰማዎታለሁ» አለችው።

አንድ ሰው ከሰማ ምን ጎደለ ብሎ አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ላከ።

ሚያዝያ ላይ ቤቴል ጁስ ቤት የምትሠራ ሰልሳቢል የምትባል ወጣት የተቃጠለ ጁስ መፍጫ ይዛ መጣች። እስኪጨርስላት በርጩማው ላይ ተቀምጣ ከስልኳ ታነብ ጀመር።

«ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የምትስቂ?» አላት።

«የድሮ ልብ ወለድ ነው። በግሩፕ ነው የምናነበው» አለችና የመጽሐፉን ስም ነገረችው። እሱም የሚያነበው ያንኑ ነበር።

የገረሱ እጅ ቆመ። «የማን ግሩፕ?»

«የዱሬቲ። ድሮ ሌላ ነበራቸው አሉ፤ ያንን ትተው ነው ይሄኛውን የከፈቱት። አተናተኗን ቢያዩት! እስቲ ላንብብልዎ፦ ‹መበለቲቱ የገዛ ደጇን ያላንኳኳችው ኩራት ይዟት አይደለም። ሰው በገዛ ቤቱ ካንኳኳ እንግዳ መሆኑን አመነ ማለት ነው።›»

ቃል በቃል የእሱ ነበር። አባቱ ሲሞት አጎቶቹ ቤቷን የወሰዱባትን እናቱን እያሰበ፣ ሦስቴ አጥፍቶ እንደገና የቀዳው ነው። ስለ እናቱ የተናገረው ብቻ ተቆርጦ ቀርቷል።

«ምነው ጋሼ?» አለችው ሰልሳቢል።

«ምንም። ሽቦው ተበጥሶብኝ ነው።»

መፍጫውን ጨርሶ ሸኛት። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ፣ ዱሬቲ ከሥራ ስትመለስ የምትወርድበት ፌርማታ ላይ ሄዶ ቆመ። ገና ከታክሲው ስትወርድ ፊቱን አየችና ገባት።

«ሁላችሁም ትታችሁኝ ሄዳችሁ?» አላት።

«ጋሼ... ድምፁ ረዘመ አሉ። ሰው ሊወጣብኝ ሆነ። እንዳይከፉ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

«ረዘመ ማለት ነውር አይደለም። ‹ያሳጥሩ› ብትይኝ አሳጥር ነበር። የረዘመባችሁን ቃል ግን በስምሽ የምታቀርቢው ለምንድን ነው?»

«መጀመሪያ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ‹ያንቺ ነው ወይ?› ሲሉኝ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

«ለካ ‹እሰማዎታለሁ› ያልሽኝ ለዚህ ኖሯል።»

እንባዋ መጣ። ክንዱን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ አንድ እርምጃ ራቅ አለ።

«እናቴንስ ለምን ቆረጥሻት?»

ይህን ብሎ ወደ ቤቱ አቀና።

በነጋታው ዱሬቲ እውነቱን አዲሱ ግሩፕ ላይ ጽፋ ገረሱን አስገባችው። ስንቱ ሰው «ይቅርታ ጋሼ»፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለው። ከአብዛኞቹ ጋር ወራት አብሮ አንብቧል፤ አንዳቸውም ግን «ያ ሰውዬ የት ገባ?» ብለው አልጠየቁም ነበር። አንድ በአንድ አነበበውና ወጣ። መጽሐፉንም ሦስት ምዕራፍ ሲቀረው ዘጋው።

ሚስቱ እሙ ነገሩን ሰምታ፣ «ልጅ ናት፤ ይቅር በላት እንጂ» አለችው።

«ይቅርስ ብያታለሁ። ማመኑ ነው እምቢ ያለኝ።»

ዱሬቲ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሱቁ ጎራ ትላለች። ስለ እናቷ የጉልበት ሕመም፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ያወራሉ። መጽሐፍ የሚባል ነገር ግን ሁለቱም አያነሱም።