ማኅተም የሌላቸው ዘጠኝ ወረቀቶች

ሐሙስ ጠዋት ኦስሎ ካለው ሰፈሬ ከሮመን ተነሥቼ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት አገር ሄድኩ። የሄድኩት ብሔራዊ ምርጫዋን ልታዘብ ነው። ፓስፖርት አልያዝኩም። የባቡር የወር ካርዴን፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶና እማዬ በፎይል የጠቀለለችልኝን ዳቦ በእንቁላል ይዤ ነበር። አገሪቱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ስለምትኖር ካርታ ላይ አትፈልጓት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከሌላ የኦስሎ ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ ላንግኦይነ የምትባለውን የባሕር ወሽመጡን (የፊዮርዱን) ደሴት ለአንድ ቀን አገር ያደርጋታል። ስሟም ሞከላንድ ይባላል፤ የባሕር ወፎቹ አገር ማለት ነው። ባንዲራ አላት፣ ሕግ አላት፣ ፕሬዚዳንትም ትመርጣለች። ዘንድሮ መስከረም ላይ ትልቁ የኖርዌይ ምርጫ ስላለ ሁሉም ነገር ልክ እንደ እውነተኛው ይሁን ተባለ። ያሸነፈ ሰው የሚያገኘው ግን ጨዋታ አይደለም። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ በፖለቲከኞቹ ፊት የወጣቱን አንድ ጥያቄ ያቀርባል።

ከእኛ ትምህርት ቤት የተወዳደረችው ጓደኛዬ ሰላም ናት። ጥያቄዋ መጸው ላይ ሊዘጋ ስለተወሰነበት የሮመን ወጣቶች ክለብ ነው። የሌላው ትምህርት ቤት ዕጩ ኢንግሪድ ትባላለች፤ እሷ ደግሞ ደሴቲቱ ላይ አዲስ የመዋኛ መድረክ ፈልጋለች።

እኔ ለሰላም ድምፄን ልሰጥ ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ አስተማሪያችን ሼሽቲ «ዓለም አቀፍ ታዛቢዎች ያስፈልጉናል» አለችና የክፍሉን ስም ዝርዝር ስታይ ቆይታ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ሩሐማ፣ አንቺ ኢትዮጵያን ትወክያለሽ።»

ከኢትዮጵያ ስመጣ አምስት ዓመቴ ነበር። ታዛቢ ደግሞ አይመርጥም። «እኔ የሮመን ልጅ ነኝ» አልኳት። «ክብር እኮ ነው» አለችኝ። እሺ፣ አልኩ በልቤ። ታዛቢ ካላችሁኝ በደንብ ነው የምታዘባችሁ።

8:40፣ ከሮመን እስከ ወደቡ

(ሰዓቱን የጻፍኩት በኖርዌይ ቆጠራ ነው። እማዬ ግን እስከ ዛሬ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ» ነው የምትለው።)

ሰላም አምስት ቁጥር ባቡር ላይ የተጠቀለለ ፖስተር ታቅፋ ተቀመጠች። እናቷ ኤርትራዊት ናቸው፣ አዲስ አበባ ያደጉ። ስለዚህ እኔና እሷ በአማርኛ እንጨቃጨቃለን፣ በኖርዌይኛ እንታረቃለን።

«አንቺ እኮ ዛሬ የውጭ አገር ሰው ነሽ» አለችኝ የደረቴን ባጅ እያየች። «ቪዛ አለሽ?»

«ገና ሳትመረጪ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ሆንሽ?»

ኦከርን ስንደርስ ክሬኖቹና የተቆፈረው ጉድጓድ በመስኮት ታዩ። «አየሽ፣ እዚህ ሰፈር ሙሉ ይገነባሉ፣ እኛ ጋ አንድ ክፍል ይዘጋሉ» አለችና ይህንኑ ንግግሯ ላይ ጨመረችው። ያ ክፍል ለእኔም ብዙ ነገር ነው። ቤታችን ውስጥ እኔና ሦስት ታናናሾቼ አንድ ክፍል ስለምንጋራ የቤት ሥራዬን የምሠራው ክለቡ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። የጠረጴዛ ቴኒሱ መረብ የተጠገነው እማዬ ከምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ባመጣችው ፋሻ ነው።

ወደቡ ላይ ትኬት የሚያየው ሽማግሌ ባጄን አነበበ። «ኢትዮጵያ? ከዚያ ድረስ መጣሽ?»

«ናይ፣ አይደለም፣ ከሮመን ነው። በአምስት ቁጥር።»

«እሱም ሩቅ ነው» አለና አሳለፈኝ።

10:15፣ ሞከላንድ

ደሴቲቱ ሣር፣ ድንጋይና የወፍ ኩስ ናት። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ኖርዌጂያኖቹ ግን «ግሩም ሙቀት» እያሉ ይዘላሉ። ኪዮስኩ አንዱን ቋሊማ በሃያ አምስት ክሮነር ይሸጣል፤ እኔ እንቁላሌን በላሁ። ባንዲራው ባሕር ወፍ የተሣለበት የአልጋ አንሶላ ነው። ነፋሱ ሲያነሣው ግን አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ምርጫው የሚካሄደው በኖርዌይ ደንብ ነው። ድንኳን ትገባለህ፣ የምትፈልገውን ዕጩ ወረቀት ታጥፋለህ፣ ወጥተህ ወደ ሲሊየ ጠረጴዛ ትሄዳለህ። ሲሊየ ከሌላው ትምህርት ቤት የመጣች የምርጫ ኃላፊ ናት። የታጠፈው ወረቀት ጀርባ ላይ ማኅተም ትመታለች፤ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ትጨምረዋለህ። ማኅተሙ ከላጲስ ተፈልፍሎ የተሠራ ወፍ ነው። ማኅተም የሌለው ወረቀት አይቆጠርም። እውነተኛው ምርጫም እንደዚሁ ነው አሉን።

ታዛቢዎቹ ሦስት ነን፤ ስዊድንን የሚወክለው ዮሃን፣ ዴንማርክን የምትወክለው ሜተ፣ እኔ። ሼሽቲ ሕጉን ነገረችን። ምንም አትነኩም፣ መራጭ አታናግሩም፣ ያያችሁትን ከነሰዓቱ ትጽፋላችሁ። እስከ ቀትር ድረስ የጻፍኩት «ወረፋው ጸጥ ያለ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ዮሃንና ሜተ ሰልችቷቸው ሊዋኙ ሄዱ።

12:40

ከወዲያኛው ድንኳን የትኩስ ዋፍል ኬክ ሽታ መጣ። ሲሊየ አየር ስትስብ አየኋት። ማኅተሙን ኪሷ ከተተች (ይህ ልክ ነው፣ ማኅተም ሜዳ ላይ አይተውም)፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ወዲያው እመለሳለሁ» ብላ ጻፈች፣ ወረቀቱን ሳጥኑ ላይ አድርጋ ድንጋይ ጫነችበትና ሄደች።

በየትኛው አገር ነው የምርጫ ሳጥን በድንጋይና በወረቀት የሚጠበቀው? እዚህ። እዚህ ሰው ሱቁን ሳይቆልፍ ይሄዳል፣ ሕፃኑንም በጋሪ ደጅ አስተኝቶ ቡና ይጠጣል። ሳጥኑንም ማንም አልነካውም። መራጮቹ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። ፀጉራቸው ውሃ እያንጠባጠበ መጡ፣ ወረቀቱን አነበቡ፣ ሳቁ፣ የታጠፈውን ድምፃቸውን ጨምረው ሄዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምላሴን በላኝ። ግን መራጭ አታናግሩም ተብለናል። ጻፍኩ። «ከ12:40 እስከ 12:55፣ ማኅተም የለም፣ ዘጠኝ ሰው።»

ሲሊየ አገጯ ላይ ማርማላታ ይዛ ተመለሰች። እሷ መራጭ ስላልሆነች ነገርኳት። «ዘጠኝ ሰው ያለ ማኅተም ጨምሯል።»

«አዎ፣ አዎ፣ ሰው ጨዋ ነው» አለችና ተቀመጠች።

14:30፣ ቆጠራ

ሰላም ሃያ ሰባት። ኢንግሪድ ሃያ አምስት። «ማኅተም የሌላቸው ዘጠኝ፣ አይቆጠሩም» አለች ሲሊየ፣ አለችም አይባልም፣ የእኛ ልጆች ጩኸት ዋጣት። ሰላምን ወደ ላይ ወረወሯት። ባንዲራው ስር «ክለቡ! ክለቡ!» ተባለ። ራቅ ብለው የቆሙት ፀጉራቸው ያልደረቀ ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ።

ሼሽቲ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። የታዛቢዎች መግለጫ ነው። «ምርጫው ነፃና ፍትሐዊ ነበር» ይላል፣ በኮምፒዩተር ተጽፎ። ደሴቲቱ ላይ ማተሚያ ስለሌለ በዋዜማው ትምህርት ቤት ታትሞ ነው የመጣው። ዮሃን በሜተ ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ፣ ሜተ በዮሃን ጀርባ ላይ ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶው እኔ ጋ ደረሰ።

«አንድ መስመር ይጨመርበት» አልኩ።

«ምን መስመር?»

ደብተሬን አሳየኋት። ሼሽቲ አነበበች፣ ሰዓቷን አየች። «ሩሐማ፣ ይህ ትንሽ ነገር ነው። ጀልባው በ16:00 ይወጣል።»

«ትንሽ ከሆነ ለመጻፍም ጊዜ አይፈጅም።»

ዮሃን «እኛ አላየንም» አለ። «ስትዋኙ ነበራ» አልኩት። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ሰላም መጣች። ፊቷ አሁንም ከደስታው እንደቀላ ነበር። በአማርኛ ነው ያናገረችኝ።

«ምን እየሆንሽ ነው? ፈርሚ በቃ።»

«አልፈርምም።»

«አንቺ ከማን ጋር ነሽ?»

«ለአንቺ ልመርጥ ፈልጌ የተከለከልኩ ሰው ነኝ።»

«ክለቡ እኮ ነው፣ ሩሂ! ያቺ ጠረጴዛ የእኔ ናት? የአንቺ ናት።»

«አውቃለሁ። ግን ዘጠኝ ሰው አይቻለሁ። ዘጠኙ የእኛ ልጆች ቢሆኑና ኢንግሪድ አሸነፈች ቢባል፣ ጠረጴዛው ላይ ወጥተሽ አገር ይያዝልኝ የምትይው አንቺ አልነበርሽም?»

ሰላም የያዘችውን ፖስተር ጠቀለለች፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው።

«በጣም ነው ያስጠላሽኝ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ዞራ በኖርዌይኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ «ዘጠኙ እንደገና ይምረጡ» አለች።

16:00

ጀልባው ያለ እኛ ሄደ። ዘጠኙ እጃቸውን አወጡ፣ አንድ በአንድ ድንኳኑ ገቡ፣ ሲሊየ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ማኅተሙን መታች። ስድስቱ ኢንግሪድን መርጠው ነበር፣ ሦስቱ ሰላምን። ሠላሳ አንድ ለሠላሳ።

አንድ ድምፅ። ባጄን ወደ ታች አየሁት። ያች አንዷ ድምፅ አንገቴ ላይ በገመድ ታስራ ቀኑን ሙሉ ደሴቲቱን ስትዞር ነበር።

መግለጫው ላይ የሆነውን ሁሉ በእጄ ጻፍኩ። የዋፍሉን፣ የድንጋዩን፣ የዘጠኙን፣ እንደገና መመረጡንም ጭምር። ከዚያ ፈረምኩ። ከስሜ ስር «ኢትዮጵያ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ «ሮመን፣ ኦስሎ፤ ድምፅ ያልተሰጣት» ብዬ ጻፍኩ። ሼሽቲ ቆማ አነበበች። እስክሪብቶውን ግን አልቀማችኝም።

17:10፣ ወደ ቤት

ሰላም ከጀልባው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ትኬተኛ አወቀኝ።

«ማን አሸነፈ?»

«ኢንግሪድ፣ በአንድ ድምፅ።»

«ታዛቢዎቹስ ምን አሉ?»

«ተጨቃጨቁ።»

«ደግ አደረጉ» አለ።

ባቡሩም ላይ በመካከላችን ሁለት ወንበር ነበር። የኦከርን ክሬኖች እንደገና ሲታዩ ሰላም ተነሥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ወደ እኔ አልዞረችም።

«ያ ደብተርሽ ባዶ ገጽ ተርፎታል?»

«ተርፎታል።»

«እንግዲያው ጻፊ። ማዘጋጃ ቤት ኢንግሪድ ትሂድ። ለቢደሉ ደብዳቤ መጻፍ የሚከለክል ሕግ ግን የለም።»

የሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ቢደል ይባላል። ክለቡን ሊዘጋ የወሰነውም እሱ ነው። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። የጠረጴዛ ቴኒሱ መረብና የእማዬ ፋሻም ገቡበት። ሮመን ስንደርስ አንድ ገጽ ተኩል ሞልቶ ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ሙሉውን ሰማችኝ።

«ስለዚህ ጓደኛሽን አስሸነፍሻት» አለች።

«አዎ።»

«የት አለች ታዲያ?»

«ደረጃው ላይ። ጫማዋን እየፈታች ነው።»

እማዬ አንድ ሳህን ጨምራ አወረደች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ጻፊ ብትሉኝ፣ ከመሆኑ በፊት በተጻፈ ነገር ላይ አልፈርምም፤ ይኸው ነው። ጀልባም ቢሄድ። ጓደኛም ብትቆጣ። ነገ ከትምህርት በኋላ ክለቡ በር ላይ ቆመን ስም እንሰበስባለን፤ እስኪዘጉት ድረስ ክፍት ነው።

ከእራት በኋላ ደብዳቤውን ለሰላም ሰጠኋት፤ መጀመሪያ እንድትፈርም። እስክሪብቶውን አስቀምጣ ከላይ ማንበብ ጀመረች፣ ጨረሰች፣ እንደገና ጀመረች። «የሮመን ወጣቶች ሁሉ» የሚለው ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሁሉ?» አለችኝ። «ስንት ሰው ጠይቀሽ ነው?»

«ማንንም።»

«ሁሉ»ን ሰረዘች። ከዚያ ፈረመች።