ላሟን ያነቃት ድንች

የከብት ክትባት ሠራተኛዋን ሰፈርተኛው «መርፌ» ይላታል። ውሻ ከሩቅ ሲያያት እግሬ አውጪኝ ይላል። ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው፤ እኔ ጎረቤቷ ስንቴ ቀምሼዋለሁ።

ድንች በሚነቀልበት ሰሞን ከብት ይታነቃል። ያኔ መርፌ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የላሟን አፍ አስከፍታ፣ ድንቹን ከጉሮሮዋ ጎትታ ታወጣለች። ለሰውም አስተምራለች፤ «ምራቋ ከተዝረበረበና መዋጥ ካቃታት እኔን ስትጠብቁ እንዳትሞትባችሁ። እጃችሁን ስደዱ!» ብዙ ላም በዚህ ተርፏል።

ዘንድሮ ግን ቀበሮዎች ከጫካው እየወጡ በጠራራ ፀሐይ ሰፈር ውስጥ መታየት ጀመሩ። አንዱ አፉ አረፋ እየደፈቀ ያገኘውን ሁሉ ሲነክስ ተገደለ። ከዚያ ወዲህ መርፌ እህል አልበላ አላት። ከቤት ቤት እየዞረች ውሻ ትከትባለች፣ የሰውን ጆሮ ታደነቁራለች። የእብድ ውሻ በሽታ ከቀበሮ ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሰው በምራቅ ይተላለፋል፤ ሰው ላይ ሕመሙ አንዴ ከጀመረ አይመለስም።

ትናንት ወንድሟ ደወለላት። «ላሟን ድንች አንቋት ነበር፤ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣነው። እስቲ ብቅ በይ።»

ስልኩን ዘግታ እኔ ቤት እየሮጠች መጣች። «ሞተርህን አስነሳ!» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ትከሻዬን ጨምድዳ እንደያዘች ነው የደረስነው።

ላሟ ምራቋ ይንጠባጠባል፤ የኋላ እግሮቿ ይብረከረካሉ። ድምፅዋ ሻክሮ ያለማቋረጥ ትጮኻለች። አፍንጫዋ ላይ የዳነ ጠባሳ አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ባለፈው ቀበሮ ነገር ጫር አድርጓት ነበር። ቀላል ነው ብዬ ተውኩት።»

መርፌ የወንድሟን እጆች ይዛ አገላበጠቻቸው። በሲሚንቶ ሥራ የተሰነጣጠቁ ናቸው። «አፏ ውስጥ ከተሃቸዋል? እውነቱን ንገረኝ!»

«ኧረ አልከተትኩም! ምን ሆነሻል?»

«ተመስገን!» አለችና ግድግዳውን ተደገፈች። እኔም አብሬያት ተነፈስኩ። ትንሽ ቆይታ ግን ቀና አለች።

«ታዲያ ድንቹን በምን ፈለጋችሁት?»

«የኔ መዳፍ መች ያልፋል ብለሽ ነው። ሚጣ ናት የገባችበት። እጇ ቀጭን አይደል?»

መርፌ የወንድሟን ልጅ ከጓሮ ጎትታ ቧንቧው ሥር አቆመቻት። ሳሙና አምጡ ብላ ጮኸች። ወንድሟ ነገሩ አሁን ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ አመድ ሆነ።

«ክትባቱ ዛሬውኑ ከተጀመረ ይደርስላታል» አለች መርፌ፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «ይደርስላታል። ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ!»

ሚጣ አክስቷ እጇን ስታሽላት ደስ ብሏት ትስቃለች። አንጓዋ ላይ ያለውን ቀይ ጭረት አሳየቻት። «ጥርሷ ነው እኮ! ግን አላለቀስኩም። አንቺ እንዳልሽው እስከ ታች ሰደድኩት። ጎበዝ አይደለሁም፣ አክስቴ?»

መርፌ እጇን አልለቀቀችም። ሳሙናውን ደጋግማ ታሻለች፣ እንባዋ አረፋው ላይ ይወርዳል።