ከፊት ለፊቴ የገባው ፍሪጅ

መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከፊት ለፊቴም ሌላ ሱቅ አለ። ባለቤቷ እኩያዬ ናት፤ እንደኔው ልጆች ታሳድጋለች፤ እንደኔው ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይትና ፓስታ ትሸጣለች። ልዩነታችን የእሷ ሱቅ ጥግ ላይ መሆኑ ብቻ ነው። አንድ የለስላሳ ኩባንያ ባለመስታወቱን ፍሪጅ ለማን ልስጥ ሲል ያየው ያንን ጥግ ነበር።

ፍሪጁን ከመኪና ሲያወርዱ በሬ ላይ ቆሜ አየሁ። የሱቋን ግንባር ሳይቀር በኩባንያው ቀለም ቀቡላት። የኩባንያውን ሻጭ ጠርቼ፣ «እኔስ ወንድሜ?» አልኩት።

«እናት፣ የእርስዎ ሱቅ ከመንገድ አይታይም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ውስጤ እርር ይል ጀመር። ፀሐይ ሲበረታ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በደጄ አልፎ ወደ እሷ ይሻገራል። እኔ ለስላሳውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሬ ላቀዘቅዝ እታገላለሁ። የገዛ ልጄ እንኳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እኔ ጋ ወርውራ ወደዚያ ትሮጣለች። ስቆጣት፣ «እማ፣ ያንቺ እኮ ሻይ ነው የሚመስለው» ትለኛለች።

ኩባንያው ፍሪጁ ውስጥ ከራሱ ለስላሳ በቀር ምንም እንዳይገባ ከልክሏል። ጎረቤቴ ግን ይህን ከምንም አልቆጠረችውም። ከጠርሙሶቹ ኋላ የሰፈሩ ቅቤ፣ የሕፃናት ወተት፣ ከበዓል የተረፈ ሥጋ ይደረደራል። ቤቱ ፍሪጅ የሌለው ሁሉ እሷ ጋ ያስቀምጣል። እኔ ደግሞ፣ አንድ ቀን ይደርሱባታል፣ ይነጥቋታል እያልኩ እጠብቅ ነበር።

የመጣባት ግን በሌላ በኩል ነው። ኩባንያው ለበዓል አዲስ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አወጣ። አንድ ተዋናይ አዲስ በተሠራ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው ግንብ የሚያፈርስ ማሽን እያለፈ፣ ከተማችን እንዲህ እንድታምር አሮጌው መነሳት ነበረበት ይልና ጠርሙሱን ይጨልጣል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ሱቄ ውስጥ ሰው ስለ መንግሥት ሲያወራ «እህ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም። ይህን ሳይ ግን ደነገጥኩ። በሰፈራችን ቤቱ የፈረሰበት ሰው አለ፤ መንገዱ ስላማረ ደስ ያለውም አለ። ለስላሳ የሚሸጥ ሰው መሃል ገብቶ ምን አደረገ?

ቀድማ የተነሳችው አንዲት የሁለታችንም ደንበኛ ናት። የእናቷ ቤት ለመንገድ ፈርሶ፣ አሁን ሁለቱ በአንዲት ኪራይ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። በማግስቱ ጠዋት መንገዱ መሃል ቆማ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ጮኸች።

«የእናቴን ቤት ያፈረሰው ማሽን በቴሌቪዥን ሲኩራራ አየሁት! ከእንግዲህ እዚህ ቀለም ሥር ቆሜ ክብሪት እንኳ አልገዛም!»

«እኔ ምን አጠፋሁ? ማስታወቂያውን የሠራሁት እኔ ነኝ?» አለች ጎረቤቴ።

«ግንባርሽ ላይ ለጥፈሽው የለ!»

ብዙ ሰው ተከተላት። በስልክም «አትጠጡ» እየተባባሉ ይላላኩ ነበር። መንገዱን ይሻገር የነበረው ሰው እኔ ጋ ቆመ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። መደርደሪያዬን ወለወልኩ፤ ለሰላምታ ድምፄ ከፍ አለ። ያንን ለስላሳ ግን ከመደርደሪያ አውርጄ ከጆንያ ኋላ ደበቅኩት፤ የሚጠይቀኝ ሲመጣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። ማንንም ማስቀየም አልፈለግሁም።

በዚህ መሃል ሻጩ ብቅ አለ። «እናት፣ ፍሪጅ ፈልገው አልነበር? አሁን አለ» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። ያቺ የእናቷ ቤት የፈረሰባት ሴት ሳሙና ልትገዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። «እሱ እዚህ ከገባ አንቺንም ተሰናበትኩሽ» አለችኝ።

ልጆቼን አሰብኩ። ድንጋይ ቢወረወርስ? ደንበኛ ቢሸሸኝስ? «ይቅርብኝ» አልኩት። ስመኘው የኖርኩትን ነገር በገዛ አፌ መለስኩት። በኋላ ስሰማ ጎፋ ላለች አንዲት ባለሱቅ ሰጥቷታል።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት ያቺው ሴት ፊቷ ተለዋውጦ መጣች።

«ስሚኝማ፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት፣ በመርፌ የምትወስደው፣ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ቤት የያዝነው አለቀ። ያን ሁሉ ተናግሬያት በምን ዓይኔ አያታለሁ? እባክሽ አንቺ አምጪልኝ።»

ተሻገርኩ። መድኃኒቱን ጥላው ቢሆንስ እያልኩ ለአሮጊቷ እፈራለሁ፤ ደግሞም ጎረቤቴን አንዴ እንኳ ክፉ ሆና ባገኛት እላለሁ። እሷ ግን ገና ስነግራት ፍሪጁን ከፍታ ከጠርሙሶቹ ኋላ አንድ የብስኩት ካርቶን አወጣች።

«ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩ ነበር እኮ! መብራት ሲጠፋ በሩን ሳልከፍት ነው የማቆየው፣ አይዞሽ በያት። እናቷስ እንዴት ናቸው?»

ቃሏን ሳልቀንስ አደረስኩ። ሴትየዋ ካርቶኑን እንደያዘች መንገዱን ተሻገረች። ሲተቃቀፉ ከባንኮዬ ኋላ ሆኜ አየሁ። ሌላውም ቀስ በቀስ ተመለሰላት። ለስላሳውን ግን እስከ ዛሬ አልታረቁትም። ያቺ ሴት እዚያው ቀለም ሥር ቆማ፣ «ውሃ ስጪኝ፣ ያንን ግን አልነካም» ትላለች። ኩባንያውን ከባለሱቋ ለይተው ጠሉት። ይህ ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ሳሙና ፈልጋ እኔ ጋ ስትመጣ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት።

«ፍሪጁ የኔ ቢሆን ኖሮስ? እኔንም ትታረቂኝ ነበር?»

ከት ብላ ሳቀች። «አንቺማ መጀመሪያውኑ መድኃኒቴን አታስገቢልኝም ነበር! ‹ተከልክሏል፤ ቢበላሽ እኔን ትይዢኛለሽ› ነበር የምትይኝ።»

እንደዚያው ነበር የምላት። ሳሙናዋን ሰጠኋት። ተሻግራ ለጎረቤቴ አንድ ነገር ነገረቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለቻት ለመስማት ሬዲዮኔን ቀነስኩ።